«ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአይቲ ክፍሉ ስልክ መጮኽ ይጀምራል። አቤቱታው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ»። ምን ሲያዝዙት እምቢ እንዳለ፣ ምን የሚል ጽሑፍ እንዳወጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚናገር የለም። «የአይቲው ልጅ» ደረጃውን ወጥቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ ሲደርስ የሚያገኘው ግን ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። አንዱ ጋ ጠዋት ወለል ሲወለወል የስክሪኑ ገመድ ላልቷል። ሌላው ጋ ካፕስ ሎክ በርቶ ቀርቶ የይለፍ ቃሉ አልገባ ብሏል። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ፕሪንተሩ ትናንት ወረቀት አልቆበት ሳለ የተላኩለትን ትእዛዞች ሁሉ እንደ ያዘ ቆሟል፤ ባለቤቱም «አልሰማ አለኝ» እያለ ያንኑ ደብዳቤ ደጋግሞ ይልክለታል።

ከእነዚህ አንዱም የተበላሸ ኮምፒውተር አይደለም። የኮምፒውተር ድጋፍ ባለሙያዎች በየአገሩ የሚቀላለዱበት ነገር አለ፤ ብልሽቱ ያለው በወንበሩና በኪቦርዱ መካከል ነው ይላሉ። ቀልዱ ያስቃል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሃያ ዓመት ሒሳብ ሲሠራ የኖረ፣ የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። የጎደለው ብልህነት አይደለም። ማሽኑ ውስጥ ሰነድ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ አጠገቡ ተቀምጦ ያስረዳው ሰው አልነበረም።

በአዲስ አበባ ቢሮዎች ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ችግር ይህን በደንብ ያሳያል። ሠራተኛው «ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ በዚያው ዋይፋይ ስልኩ ላይ ያለው ቴሌግራም ግን ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ ክሮም ሲከፈት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የለመደ ባለሙያ ማስጠንቀቂያውን እስከ መጨረሻው አያነብም፤ በቀጥታ ከታች በስተቀኝ ወዳለው ሰዓት ያያል። ቀኑ ከአሥር ዓመት በፊት ያለፈ ጃንዋሪ 1 ከሆነ ነገሩ ገብቶታል።

ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት። መብራት ሲጠፋ ወይም ማከፋፈያው ከግድግዳ ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። የጥቂት ዓመታት ዕድሜ አላት፤ ሁልጊዜ ማታ ሶኬት በሚነቀልበት ቢሮ ደግሞ ዕረፍት የላትም። ስትሞት ሰዓቱ ፋብሪካው ወደ ሰጠው ቀን ይመለሳል። ባንክም ሆነ ኢሜይል፣ ማንኛውም ጥንቃቄ የሚያደርግ ድረ ገጽ ሲከፈት የሚያሳየው መታወቂያ መሰል የዲጂታል ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ክሮም ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። ኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. 2015 ነኝ ካለ፣ በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት ገና አልጸናምና አያሳልፈውም። ሰዓቱን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገ ጠዋት ግን ያው ችግር ይመለሳል። ባትሪዋ ውድ አይደለችም። ሆኖም ለእሷ የግዥ መጠየቂያ ሞልቶ ከማስፈረም ይልቅ በየጠዋቱ ሰዓት መሙላት የሚቀልባቸው ቢሮዎች አሉ።

እዚህ አገር ነገሩ ሌላም መዘዝ አለው። ቀኑ መሳሳቱን ያየ ቅን ሠራተኛ ራሴ ላስተካክለው ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባዋል። መስከረም 2018 ብሎ ሲሞላ ማሽኑ የሚረዳው ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈውን የፈረንጆች ሴፕቴምበር ነው። ሰዓቱንም ከእጁ ሰዓት ጋር አስማምቶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲያደርገው፣ ለኮምፒውተሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ሰርቨር ሥር በሚተዳደሩበት መሥሪያ ቤት ጣጣው ከድረ ገጽ ያልፋል። የማይክሮሶፍት የመግቢያ ሥርዓት በሰርቨሩና በሠራተኛው ኮምፒውተር መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት፣ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር፣ ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ «የይለፍ ቃሌ ልክ ነው፣ አላስገባ አለኝ» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ይለፍ ቃሉም ልክ፣ ኮምፒውተሩም ጤነኛ፣ የተሳሳተው ሰዓቱ ብቻ።

«አጥፍተው ያብሩት» የሚለው ምክርም ማብራሪያ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው የባለሙያ ስንፍና ይመስለዋል። ኮምፒውተር ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ ራም የሚባለው፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ፕሮግራሞች እየተከፈቱ ሲዘጉ የሚተዉት ዝባዝንኬ፣ መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሥራ፣ እርስ በርስ የተጠላለፈ ትእዛዝ ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። ምክሩ የሚሠራው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን አንድ የተደበቀ ነገር ተጨምሯል። ኮምፒውተሩ በፍጥነት እንዲነሣ ተብሎ፣ «ሻት ዳውን» ሲደረግ የሥርዓቱን ዋና ክፍል አይጠርገውም፤ ወደ ዲስክ ገልብጦ ያስተኛውና ጠዋት እንዳለ ያነሣዋል። ሙሉ በሙሉ የሚያጸዳው «ሪስታርት» ነው። «ማታ ማታ አጠፋዋለሁ እኮ!» ብለው የሚቆጡት ጋሼም ልክ ናቸው፤ የአይቲው ልጅ ታስክ ማናጀር ከፍቶ ኮምፒውተሩ ሃያ ቀን ሳያርፍ መሥራቱን ሲያሳያቸውም ልክ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ መረጃ አለ። ኦኢሲዲ የሚባለው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በ33 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ፈትኖ ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 65 ዓመት ነው። ፈተናው በጽሑፍ «ታውቃለህ ወይ?» የሚል አልነበረም፤ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ሥራ ያሠራል። የመጀመሪያው ደረጃ አንድ ሰው የላካቸውን ኢሜይሎች ሁሉ ፈልጎ እንደ ማግኘት ያለ ነው። ከፍተኛው ደረጃ ደግሞ ባለፈው ወር ያ ሰው ከላካቸው ኢሜይሎች ስንት በመቶው ስለ አንድ ጉዳይ እንደሆኑ እንደ ማስላት ያለ ነው፤ ብዙ እርምጃና ትንሽ ስሌት ይጠይቃል። ከፍተኛውን ደረጃ የተሻገሩት በአማካይ 5 ከመቶ ብቻ ሆኑ። 26 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ፈተናው ውስጥ ጭራሹን አልገቡም፤ ወይ የኮምፒውተር ልምድ የላቸውም፣ ወይ መግቢያውን ቀላል ፈተና አላለፉም፣ ወይ በኮምፒውተር መፈተን አልፈለጉም። ኢትዮጵያ ከተፈታኞቹ መካከል አልነበረችም። የተፈተኑት ግን እነ ጃፓን፣ እነ ጀርመን፣ እነ አሜሪካ ናቸው፤ ሶፍትዌር የሚሠሩት እነዚያን 5 ከመቶ የመሰሉ ሰዎች፣ የሚጠቀሙበት ደግሞ የቀሩት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ወደ ቢሮው እንመለስ። የአይቲ ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ጥሪ «የሠራሁት ጠፋ» የሚለው ነው፤ ድምፁ ውስጥ እንባ አለበትና። አንዲት የዕቅድ ባለሙያ የሩብ ዓመት ሪፖርት በኢሜይል ደረሳት እንበል። አባሪውን ትጫነዋለች፤ ዎርድ ይከፈታል። ከላይ በቢጫ መስመር ማረም እንዲፈቀድላት የሚጠይቅ ቁልፍ ይመጣል፤ ትጫነዋለች። እስከ ምሳ ሰዓት ሰንጠረዦቹን ታስተካክላለች፣ ሁለት ገጽ ትጨምራለች። የዲስኬት ሥዕል ያለባትን የሴቭ ምልክት ትጫናለች (ዛሬ ቢሮ ከሚገቡት ወጣቶች ስንቱ ዲስኬት በዓይኑ አይቶ እንደሆነ እንጃ)። ኮምፒውተሩ ምንም አላጉረመረመም። ከምሳ ስትመለስ ያንኑ ኢሜይል ከፍታ ያንኑ አባሪ ትጫነዋለች። ጠዋት የደረሳት ሪፖርት እንዳለ ተመልሶ መጣ፤ የሦስት ሰዓት ሥራዋ የለም።

ሥራዋ አልጠፋም። አባሪውን ስትጫነው ኮምፒውተሩ ግልባጭ አውጥቶ አንድ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠላት፤ እንደ ፕሮግራሙ ዓይነት «ዳውንሎድስ» ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ በተለምዶ የማይታይ የተደበቀ ፎልደር ውስጥም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሙሉ ያረመችው ግልባጩን ነው። ኢሜይሉ ላይ ያለው ዋናው ግን ማንም አልነካውም፤ በጫነችው ቁጥር ሌላ ግልባጭ ይወጣል። ነገሩ ቶሎ ከተነገረ ዎርድ በቅርቡ የተከፈቱ ሰነዶችን ከሚዘረዝርበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከዘገየ ግን ጊዜያዊው ፎልደር ሊጸዳ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ልማድ ነው፤ የመጣን ሰነድ መነካካት ከመጀመር በፊት «ሴቭ አዝ» ብሎ ቦታና ስም መስጠት።

ቴሌግራም ደግሞ ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ ይዞት መጥቷል። በከተማችን ስንት ቢሮ ነው ሰነዱን የሚለዋወጠው በኢሜይል ሳይሆን «ቴሌግራም ላይ ላክልኝ» እየተባባለ! የቴሌግራም የኮምፒውተር ፕሮግራም የተቀበለውን ሁሉ «ዳውንሎድስ» ውስጥ በራሱ ስም ባለ ፎልደር ያጠራቅማል። እዚያ ፎልደር ገብቶ ያየ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ያገኛል፤ «ሪፖርት»፣ «ሪፖርት 2»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ»። የትኛው ለቦርዱ እንደቀረበ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዓመት ፈቃድ ላይ ነው።

ጥፋቱን ወደ ሥልጠናው መውሰድ ሳያስፈልግ አይቀርም። «ቤዚክ ኮምፒውተር» ለብዙ የቢሮ ሥራ ማመልከቻ አብሮ የሚቀርብ ወረቀት ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የሚሰጠው በጥቂት ወራት ነው፤ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ አክሰስ፣ ፓወርፖይንት። ብዙ ሠልጣኝ ትምህርቱን የሚይዘው ደብተር ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ተጫን፣ ቀጥሎ እዚያ ጋ ተጫን፣ ከሦስተኛው ረድፍ ይህን ምረጥ። ፈተናውም ያንኑ ይጠይቃል። ከዚያ ቢሮ ሲገባ የተጫነው ኦፊስ ሌላ ዕትም ሆኖ ያገኘዋል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረው የለም። ቦታ ያጠና ሰው ቦታው ሲቀየር መጥፋቱ አይቀርም። ፋይል ምን እንደሆነ፣ ፎልደር ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ግልባጭና ዋና በምን እንደሚለዩ፣ ኮንትሮልና ዜድን አብሮ ሲጫኑ ያለፈው ስሕተት እንደሚመለስ፣ እነዚህ ግን የትኛውም ዕትም ላይ አይለወጡም። ደብተሩ ውስጥ ግን ከሁሉ አጥረው የሚጻፉት እነሱ ናቸው።

ወጣት ሲቀጠር ችግሩ ይቃለላል የሚል ተስፋ አለ። በከፊል እውነት ነው፤ አዲስ ተመራቂ ስክሪን አይፈራም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርት ተማሪዎቿ ለትምህርታቸው የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም ሲከፍቱ ፋይላቸውን ማግኘት እንዳቃታቸው ታዘበች። ፋይሉን የት እንዳስቀመጡት ስትጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ስልክና ጎግል ድራይቭ ይዘው ያደጉ ልጆች ነበሩ፤ ለእነሱ ሰነድ ስሙን ሲጽፉ የሚመጣ ነገር እንጂ ፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ሌሎች መምህራንም ይህንኑ አይተዋል፤ ጉዳዩ በ2021 በአሜሪካ የቴክኖሎጂ መገናኛ ብዙኃን ሰፊ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የእኛም ተመራቂ ከስልክ ነው የሚመጣው። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ቆርጦ፣ ሙዚቃ ገጥሞ፣ ጽሑፍ አሳርፎ በአሥር ደቂቃ የሚለጥፍ ልጅ፣ ፍላሽ ዲስክ ላይ የሰነዱን አቋራጭ ምልክት ብቻ ገልብጦ ባዶ እጁን ሊመጣ ይችላል።

አማርኛ ለሚጽፍ ቢሮ የተለየ ራስ ምታት አለው። ደብዳቤው ከአንዱ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ይላካል፤ ሌላው ሲከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ተቀባዩ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ይደመድማል። ቫይረስ የለም። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ቅርጸ ፊደሎች ኮምፒውተሩን የሚያታልሉ ነበሩ፤ ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፣ ቅርጸ ፊደሉ ግን በላዩ የግዕዝ መልክ ያለብሰዋል። ቅርጸ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይቀራል። ለግዕዝ ፊደል ራሱን የቻለ ቦታ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ቅርጸ ፊደል በ2007 ገበያ ላይ በዋለው ዊንዶውስ ቪስታ አካትቶታል። ከዩኒኮድ 3.0 ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም በአሮጌው ዓይነት ቅርጸ ፊደል የሚጻፍ ደብዳቤ አልጠፋም፤ ጣት የለመደውን አይተውማ። ጸሐፊዋ የአጻጻፍ ልማዷን ሳትቀይር በዩኒኮድ የምትጽፍበት ፕሮግራም ካለ አንድ ጊዜ ማስተካከል ይበቃል። ተቀባዩ ጋ ሄዶ ቅርጸ ፊደል ሲጭኑ መኖር ግን መጨረሻ የለውም።

ኤክሴል ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ኤክሴል ሲሳሳት አይጮኽም። የሰው ኃይል ክፍሉ የቅጥር ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀኑን አስቀድሞ፣ ወሩን አስከትሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ እንደመጣ በአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ነው፤ ወር ያስቀድማል። የካቲት 5 ቀን 2017 የተቀጠረ ሰው 5/6/2017 ተብሎ ሲጻፍ ኤክሴል ሜይ 6 ብሎ ይመዘግበዋል። የካቲት 30 የተቀጠረው 30/6/2017 ሲባል ሠላሳኛ ወር የለምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ደግሞ 5/13/2017 ሲባል ያለ አንዳች ጥርጥር ሜይ 13 ይሆናል! ዝርዝሩን በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ሲባል እውነተኛ ቀን የመሰሉት በአንድ በኩል፣ ጽሑፍ የሆኑት በሌላ በኩል ይከማቻሉ። ያወቀ ሰው ፍንጩን ወዲያው ያያል፤ ኤክሴል ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ ያስጠጋል። መፍትሔው ዓምዱን ከመሙላት በፊት «ቴክስት» ማድረግ፣ ወይም ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት ነው።

በዚህ የተነደፉት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የሰውን ዘረመል የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች አንዳንድ የጂን ስሞችን ኤክሴል ላይ ሲጽፉ ማርች 1 ወይም ሴፕቴምበር 1 እየሆኑባቸው ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ። በመጨረሻ በ2020 የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ቀየረ። በዚያው ዓመት መገባደጃ እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለት ሪፖርት ውጭ ቀሩ። የጤና መሥሪያ ቤቱ የላቦራቶሪ ውጤቶችን የሚሰበስበው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር፤ ያ ዓይነት ደግሞ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። የተረፈው ረድፍ ሳይቆጠር ቀረ፤ ታማሚዎቹ ውጤታቸው ቢነገራቸውም ከእነሱ ጋር የተነካኩት ሰዎች ፍለጋ በቀናት ዘገየ። አዲሱ የፋይል ዓይነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ረድፍ ይይዛል።

ስለ ይለፍ ቃል ብዙ መስበክ አያስፈልግም፤ ሁሉም ጥፋቱን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳዩ ቲቪ5ሞንድ ቴሌቪዥን በመረጃ ጠላፊዎች ተመትቶ ሥርጭቱ ተቋረጠ። በማግሥቱ የጣቢያው አንድ ጋዜጠኛ ስለ ጥቃቱ በሌላ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ፣ ከኋላው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የይለፍ ቃሎች በካሜራ ገቡ። ይሁንና ጥፋቱ ሁሉ የሠራተኛው አይደለም። በየሦስት ወሩ ቀይሩ፣ ትልቅ ፊደልና ቁጥር ጨምሩበት የሚለው ትእዛዝ ሰውን ወደ ወረቀት የሚገፋ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ መሰረቁ ካልተጠረጠረ በቀር በየጊዜው ማስቀየር ይቅር፣ ይልቅ ረዘም ያለ ይሁን ብሏል። ብዙ መሥሪያ ቤት ግን የሚከተለው አሁንም አሮጌውን ነው።

ባለሙያውስ? ብዙ ቦታ የአይቲው ልጅ ሥራ የሥራ መደቡ ከሚለው ይሰፋል። ስብሰባ ሲኖር ኤልሲዲ ይተክላል፣ ማይክ ይሞክራል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይከፍታል፣ የኃላፊውን ስልክ ያስተካክላል፤ ቅዳሜ ደግሞ የኃላፊውን ልጅ ላፕቶፕ። ቸኩሎ ይመጣል። ቸኩሎ ስለሚመጣም «አንዴ ይነሡልኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ማውሱን ይይዛል። ጣቶቹ ይፈጥናሉ፤ ሁለት መስኮት ተከፍቶ ይዘጋል፤ «አለቀ» ይላል። ተጠቃሚዋ ከትከሻው በላይ ቆማ ምንም አላየችም። በሳምንቱ ያው ችግር ሲመለስ ያው ስልክ ይደወላል። ይህ ነው የአገልግሎቱ ትልቁ ብክነት፤ ችግሩ ተፈታ ተብሎ ይመዘገባል፣ ዕውቀቱ ግን ከልጁ ጋር ተመልሶ ይሄዳል።

ከዚህ የባሰው ፎርማት ነው። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ምክንያቱን ከመፈለግ ሁሉንም ጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ይፈጥናል፤ ለባለሙያው ማለት ነው። ለተጠቃሚው ግን ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ዴስክቶፕ ያለው ሲ ላይ ነውና። «ዲ ላይ አስቀምጡ» የሚለው የቢሮ ምክር የመጣው ከዚህ ነው። ምክሩ ለፎርማት ይረዳል፤ ዲስኩ ራሱ ሲቃጠል ግን ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነውና። ከኮምፒውተሩ ውጭ ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል።

የተሻለ የሚሠሩ ክፍሎች ምን ያደርጋሉ ቢባል ነገሩ የሚገርም አይደለም። ማውሱ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ባለሙያው አጠገብ ይቀመጥና «እስቲ ሲሆን ያሳዩኝ» ይላል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ሳይዘጋ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም እንዲላክ ያስለምዳሉ፤ «እምቢ አለኝ» ከሚለው ይህ አንዱ ፎቶ ይበልጣል። ጥሪውን መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ ማን፣ ምን፣ እንዴት ተፈታ። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ሲነበብ ጥሪው ሁሉ ጥቂት ነገሮች ላይ የሚሽከረከር ሆኖ ይገኛል። ያኔ ለዚያ ክፍል ሠራተኞች አርብ ከሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ስለ አንዷ ነገር ብቻ ማስተማር ይቻላል፤ ስለ ፕሪንተር ወረፋ፣ ወይም ስለ አባሪ፣ ወይም ስለ ቀን አጻጻፍ።

መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2020 አጸደቀ፤ በ2024 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ፤ በ2025 ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ኮደር ያስፈልጋል፤ የሚጠላው የለም። ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሲስተም የለም» የሚባለው ባለጉዳይ ከኋላ ምን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዴ መስመሩ ተቆርጧል፣ አንዳንዴ መብራት ሄዷል። አንዳንዴ ደግሞ ዩፒኤሱ ላይ የውሃ ማፍያ ተሰክቶ ዩፒኤሱ ራሱን አጥፍቷል። የዚህን መልስ የሚያውቀው ኮድ የሚጽፈው ሰው ሳይሆን መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ነው፤ ለእሱ የሚሰጠው ሥልጠና ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አቅራቢው በአንድ ከሰዓት የሚያሳየው ብቻ ሲሆን ይታያል።

ቀጣዩ የስልክ ጥሪ ከወዴት እንደሚመጣ ከወዲሁ ይታወቃል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ያላቸውንና በአንጻሩ አዲስ የሆኑ ፕሮሰሰሮችን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ቢሮ ያለው ማሽን መስፈርቱን አያሟላም። ማሽኑ የሚቀየርለት ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚያየው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ለሃያ ምናምን ዓመት ከታች በስተግራ ጥግ የነበረው የስታርት ቁልፍ ወደ መሐል ሄዷል። «ስታርት ጠፋብኝ» የሚል ስልክ የሚቀበል የአይቲ ክፍል ታስክባሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ቅንብሩ ውስጥ በመግባት ወደ ግራ መመለስ እንደሚቻል ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ሲመልሰው ግን ማውሱን ለተጠቃሚው ይተውለት።